ዝም ያለው ሆድ

ፈረሰኞቹ በሌለችበት «ዶክተር ይቁም» ይሏታል። ባለችበት ግን «ዶክተር» ብቻ ነው፤ እሱንም ኮፍያ አውልቀው። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ ጋላቢ ነው። ፈረሱን አንድ ወቅት ሙሉ እየደጋገመች ካስቆመችበት በኋላ «እቺ ሴትዮ ሙሽራውንም መርምራ ሳታስቆመው አልቀረችም» ብሎ ተናገረ፤ ሜዳው ሁሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እሷም ሰምታዋለች፤ አልከፋትም። እንዲያውም ለባሏ ስትነግረው ኩራት ቢጤ ይሰማባት ነበር።

የጽናት ግልቢያ እንደ ተራ የፈረስ ሩጫ አይደለም። ፈረስና ፈረሰኛ ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። መንገዱ በየክፍሉ የተቆረጠ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር ፈረሱ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሐኪሙ የልብ ምቱን ይቆጥራል፣ ድዱን ተጭኖ ቀለሙን ያያል፣ ቆዳውን ቆንጥጦ ይለቃል፣ ሆዱን ያዳምጣል፣ በመጨረሻም በሶምሶማ አስኪዶ ማነከስ አለማነከሱን ይመለከታል። ከዚያ ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል፤ ወይ «ይለፍ» ወይ «ይቁም»። ከሁሉ ቀድሞ የገባ ፈረስ እንኳ መጨረሻ ላይ «ይለፍ» ካልተባለ የገባ አይባልም። ከምርመራው ሁሉ ሰው የማያውቀው የሆዱን ነገር ነው። ደህና የሆነ የፈረስ ሆድ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ሲጮህ ሰላም ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው፤ ፈረሱ ደክሟል፣ ውኃ አጥሮታል፣ አንጀቱ መሥራት አቁሟል ማለት ነውና።

ሐኪሟ በዚህ ሥራ ያረጀች ናት። በአዘቦት ቀን ከመኖ መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ክሊኒኳ ውሻ ትከትባለች፣ የድመት ቁስል ትሰፋለች፣ ሲጠሯትም ቦቲዋን አጥልቃ ላም ልታዋልድ ትሄዳለች። የግልቢያ ወቅት ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ ሜዳው ላይ ስትቆም፣ ስንቱ ፎካሪ ጋላቢ ፈተና እንደሚገባ ተማሪ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

ክብሩ በነፃ የተገኘ አይደለም። ገና ከትምህርት ቤት ወጥታ በረዳትነት በቆመችበት ግልቢያ አንድ ግራጫ ፈረስ አነከሰ። አለቃዋ የነበሩት ሽማግሌ ሐኪም «ይቁም» አሉ። የፈረሱ ባለቤት አዘጋጆቹን ከድንኳን ጀርባ ወስዶ አነጋገራቸው፤ ምን እንዳላቸው እሱና እነሱ ያውቃሉ። ሲመለሱ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲህ ይለፍ» አሉ። ፈረሱ ቀጣዩ ጣቢያ ሳይደርስ እግሩ ተሰብሮ መንገድ ላይ ወደቀ። የማሳረፊያውን መርፌ የወጋችው እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፈረሰኞቹ ማኅበር ስብሰባ ሁሉ እየተነሣች፣ ሰው እስኪሰለቻት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ የሐኪም ቃል የመጨረሻ ይሁን፣ ባለቤትም፣ አዘጋጅም፣ ሊቀ መንበርም አይንካው። ጸሐፊው አንድ ጊዜ «ሐኪሙ ራሱ ቢሳሳትስ?» ብሎ ቢጠይቃት «ሰው ከሚቀየም ፈረስ ይሙት ነው የምትለው?» አለችው። ጸሐፊው ተቀመጠ፣ ጭብጨባው ቤቱን አናጋው፣ ሕጉም ጸደቀ። ለወጉ ያህል ደግሞ የሐኪሞችን ሥነ ምግባር የሚመለከት አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ፍርዳቸውን መሻር አይችልም፤ ጠርቶ መጠየቅ ግን ይችላል። ለዓመታት ማንንም ሳይጠራ ኖረ።

ጆሮዋ መቼ መክዳት እንደጀመረ አታውቅም። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁ ከመኖሪያቸው ሥር ነው። መቀስ ከያዘ አፉ አይዘጋም፣ መቀሱን ካስቀመጠም አይዘጋም። ደንበኛ ሲያልቅበት ወሬውን ይዞ ፎቅ ይወጣል። እሷ ከማይናገሩ ፍጥረታት ጋር ውላ ስለምትገባ፣ የባሏን ወሬ እየሰሙ አለመስማትን ገና በጫጉላቸው ነው የተካነችው። «እህ» ትላለች፣ «እንዴ» ትላለች፣ «ተው እንጂ» ትላለች። ስለዚህ የእውነቷን መስማት ስታቆም ማንም ልብ አላለም፤ እሱም፣ እሷም ራሷ። «ሚስቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለች ቆየች» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። እነሱም አረፋ እንደተቀቡ «የማናችን ሚስት ትሰማለች ብለህ ነው?» ይሉታል።

የምራቷ ነገር ግን አያስቅም። አንድ ልጃቸው ያገባት ልጅ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ያንን የሚያህል አውቶቡስ ቆሞ ለመተላለፍ በሚያስቸግር መንገድ ላይ ታዞራለች፤ ድምጿ ግን ቀጭን ነው፣ ስትናገርም ከንፈሯ እምብዛም አይላቀቅም። ከባሏ ጋር ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል ነው የምትኖረው። ጠዋት ደረጃው ሥር ሲገናኙ «እንደምን አደሩ እማማ» ትላለች። አማቷ አንዳንድ ቀን ትመልሳለች፣ አንዳንድ ቀን ዞር ብላ ሳታያት ታልፋለች። ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት፣ ቀጥሎ ከፋት፣ በመጨረሻ የሆዷን በሆዷ ይዛ ዝም አለች። ለባሏ ስትነግረው «እማዬ እንደዚያ ናት፣ አትቀየሚያት» ብሎ ነገሩን አድበሰበሰው። አማትና ምራት አንድ ግቢ ሲኖሩ ጎረቤት የሚጠብቀው ጠብ አለ፤ ሲዘገይበት ይጨነቃል። የዚህ ግቢ ጎረቤቶች ብዙ ጊዜ ተጨንቀዋል።

ልጅቷ ደግሞ ጭራሽ ፈረሰኛ ናት። ከአክስቷ የቀረችላት ዳማ ባዝራ አለቻት። ከሥራ ስትወጣ የሾፌር ልብሷን ሳትቀይር ወደ በረት ትሄዳለች፤ ዝናብም ቢሆን፣ ቢያማትም። ለባዝራዋ የምታወራውን ያህል ለባሏ አውርታ አታውቅም።

ሜዳ ላይ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠረጠረችው ዕቃውን ነው። የማዳመጫው ጎማ ተሰንጥቆ መሆን አለበት ብላ አዲስ ገዛች። አዲሱም ያው ሲሆንባት «የዛሬ ዕቃ እርባና የለውም» ብላ ከውጭ አስመጣች። እሱም ሲከዳት ፈረሶቹን መጠርጠር ጀመረች። የልብ ምት መዳፏን ከፈረሱ ክርን ኋላ አሳርፋ ስለምትቆጥር አትስትም። ማነከስንም ከሩቅ ትለያለች፤ ዓይኗ እንደ ድሮው ነው። ሆድ ላይ ስትደርስ ግን ዝምታ ነው። ትናንት የአንዱ ዝም ብሏል፣ ዛሬ የሌላውም። ሐኪም ዝም ያለ ሆድ ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ያስቆማል። አስቆመች።

በዓመታዊው ስብሰባ ላይም ተነሥታ ተናገረች። «የፈረሶቻችን ሆድ ዝም እያለ ነው። ከልክ በላይ እያስሮጣችኋቸው ነው። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» አለች። ሌሎቹ ሐኪሞች እርስ በርስ ተያዩ። እነሱን እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠማቸውም። ነገር ግን የሁሉም ታላቅ እሷ ናት፤ እኛ ያልሰማነውን እሷ ሰምታ ይሆናል ብለው አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ማኅበሩ በየጣቢያው ያለውን የግዴታ ዕረፍት አስረዘመ። ጋላቢዎቹ አጉረመረሙ። ፈረሶቹ ያጉረመረሙ እንደሆነ የምትሰማበት መንገድ አልነበራትም።

እንግዲህ ነገሩ የፈነዳው የወቅቱ ትልቁ ግልቢያ ላይ ነው። ይህን ግልቢያ በደህና የጨረሰ ፈረስ ለብሔራዊ ቡድን ይታጫል፤ ምራቷ ለዚህ ቀን ነው ስንት ጊዜ እርጥብ ካልሲ ለብሳ የለፋችው። ባዝራዋ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ አኩርታታለች። ሐኪም የዘመዱን ፈረስ እንዳይመረምር ሕጉ ስለሚከለክል፣ በየጣቢያው ያያት ሁለተኛው ሐኪም ነበር፤ በዕድሜ ከሐኪሟ ልጅ ብዙም የማይበልጥ ሰው። በመጨረሻው ጣቢያ ግን እሱ ጡንቻው ተኮማትሮ የወደቀ ፈረስ ሥር ተንበርክኮ መድኃኒት እየሰጠ ነው። የባዝራዋ መቅረቢያ ሰዓት ሊያልፍ ሆነ።

ሰዓት ተቆጣጣሪዋ ወደ ሐኪሟ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ምራትዎ ናት እኮ» አለቻት።

«አውቃለሁ። ሰዓቷ ሲያልፍባት ቆሜ ልመለከት ነው? አምጧት። እኔ የማየው ፈረስ ነው፣ ዘመድ አላይም» አለች ሐኪሟ። ይህን ስትል ከልቧ ነው።

የባዝራዋን የልብ ምት ቆጠረች፤ ደህና ነው። ድዷን አየች፤ ደህና ነው። ቆዳዋን ቆንጥጣ ለቀቀች፤ ወዲያው ተመለሰ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ የባዝራዋ ሆድ ላይ አሳረፈች። ከላይ አዳመጠች፣ ከታች አዳመጠች፣ ዞራ በሌላው ጎን አዳመጠች። በዚህ መሀል የባዝራዋ ሆድ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ፤ ባዶ በርሜል ደረጃ ላይ ሲንከባለል እንደሚሰማው ያለ። ባልዲ ይዘው የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አንዱማ «ምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው» አለ። ሐኪሟ ቀና ብላ የሚስቁትን ሰዎች አየች፣ ፊቷን አኮሳተረች፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«ሆዷ ዝም ብሏል። ትቁም።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ምራቷ ገመዱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «እማማ፣ አሁን እኮ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ሰምቷል» አለች በዚያች ዝግ ባለች ድምጿ።

ሐኪሟ የልጅቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ ምን እንደምትል መገመት አያቅትም፤ የቆመባቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው። «የሰማሁትን ሰምቻለሁ» ብላ ወደ ሚቀጥለው ፈረስ አለፈች። የሐኪም ቃል የመጨረሻ ነው። ልጅቷ ኮርቻውን አወረደች፣ የባዝራዋን ጀርባ አበሰች፣ ሰው እንዳያያት ፊቷን ባዝራዋ አንገት ውስጥ ቀብራ አለቀሰች።

ወሬው ከፈረሶቹ ቀድሞ ከተማ ገባ። አማት ምራቷን አስቆመቻት፤ ያውም ሆዱ እየጮኸ፣ ያውም ሕግ ጥሳ። ለዚህ ማብራሪያ የሚፈልግ ሰው የለም። የግቢው ጎረቤቶች በመጨረሻ ዕረፍት አገኙ። «እኔማ አውቄዋለሁ፣ ሰላምታዋን እንኳ አትቀበላትም ነበር» አለች አንዷ፤ እውነቷንም ነው። ልጅቷ ለዚያ ለተረሳው ኮሚቴ አመለከተች። ፍርዱን እንደማይሽረው ታውቃለች። የጠየቀችው፣ ሐኪሟ የዘመዷን ፈረስ ለምን እንደመረመረች፣ በቂም አድርጋውም ከሆነ እንድትጠየቅ ነው። ባልየው መሀል ገብቶ ተቃጠለ። እናቱ ጋ ሲበላ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ ሚስቱ ጋ ሲበላ እናቱ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ አጠገብ ካለ ካፌ እየበላ መግባት ጀመረ።

ሐኪሟን ያበሳጫት ቂመኛ መባሏ ነው። እንዲያግዛት ብላ ወጣቱን ሐኪም ክሊኒኳ ጠራችው። «የዚያች ባዝራ ሆድ ጮኸ ይላሉ። አንተ እዚያው ነበርክ፤ እስቲ ንገራቸው» አለችው።

ወጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲቧጭር ቆየ። «ዶክተር፣ እኔ ሌላ ፈረስ ሥር ተንበርክኬ ነው የሰማሁት።»

«ምኑን?»

«ሆዱን። ሲጮህ።» ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የነገራት። ድምፁን ከፍ ማድረጉን ያኔ ነው ልብ ያለችው። ከመጣ ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዓመት ዓመት፣ ይህ ልጅ ለእሷ ሲናገር ይጮህ ኖሯል።

እሁድ ከምሳ በኋላ ባሏን «እስቲ ተኛ» አለችው።

«ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆንክ። ሆድህን ላዳምጥ።»

ደስ አለው። ሚስቱ እሱን የምትመረምርበት ጊዜ ካገኘች ቆይታለች። ሸሚዙን ገልቦ ሶፋው ላይ ተንጋለለና ስለ አንድ ደንበኛው መላጣ ጨዋታ ጀመረ። አፉን በእጇ ያዘችው። ማዳመጫውን እምብርቱ አጠገብ አስቀመጠች፣ ወደ ጎን ወሰደችው፣ ወደ ታች ወሰደችው።

«አሁን ጮኸ?»

«ኧረ ሱቅ ውስጥ ሰው ቢኖር ይሰማ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም። ምነው፣ መጥፎ ነው?»

ማዳመጫውን አወለቀችና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምንም አልሰማሁም» አለች። «ምንም።»

ወሬ የማያልቅበት ሰውዬ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ሸሚዙን ቆለፈ፣ አንዱን ቁልፍ ያለቦታው። ከዚያ «እኔኮ ንቀሽኝ ነበር የመሰለኝ» አላት። ይህን ሰማች። አለቀሰች፤ ለእሱ አዝና ነው ቢባል ግማሽ ውሸት ይሆናል። ግራጫውን ፈረስ ጨምሮ የቆመችላቸውን ፈረሶች ሁሉ አስባ፣ ለራሷም አልቅሳለች።

የጆሮ ሐኪሙ ብዙ አላስቸገራትም። የሁለቱም ጆሮዋ መስማት ወርዷል፤ የግራው ይብሳል። መርጃ መሣሪያ ያስፈልጋታል፤ ለጨዋታ ያግዛታል፣ ፈረስ ለማዳመጥ ግን እንዳትመካበት ነገራት። «ከመቼ ጀምሮ ይመስልሃል?» አለችው። «ዓመታት» አለ እሱ፣ እንደ ዘበት። እሷ ግን እዚያው ወንበር ላይ ሆና ከዓመታቱ ውስጥ ፈረሶችን ማውጣት ጀመረች። ነጩ። ባለ ነጠብጣቡ። አንዲት ሴትዮ ሜዳው ላይ ተንበርክካ የለመነችለት ጥቁሩ። የትኛው ዝም ብሎ ነበር፣ የትኛው እየጮኸ ነው ያስቆመችው? አንዱንም አታውቅም።

ባሏ መላው ቀላል ነው አለ። «የሐኪም ቃል የመጨረሻ ነው በያቸው። የራሳቸው ሕግ ነው፤ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ከዚያ ደክሞኛል ብለሽ በክብር ትወጫለሽ። ማን ያውቃል?»

«ልጅቷስ? በቂም አስቆመችኝ እንዳለች ትኑር?»

«ከቆይታ በኋላ ትረሳዋለች።»

አትረሳውም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ሐኪሟ ማክሰኞ «እናገራለሁ» አለች፣ ረቡዕ «አልናገርም» አለች። ከተናገረች ልጅቷ ከጥርጣሬዋ ትወጣለች፤ ግን በሕይወቷ የሠራችው ሁሉ አብሮ ይናዳል፤ «ዶክተር ይቁም» ለካ ደንቆሮ ኖራለች ይባላል። ዝም ካለች ስሟ ይተርፋል፣ ልጇና ምራቷ ግን ከግቢው ማዶ እንደራቁ ይቀራሉ። ኮሚቴው በጠራት ቀን ጠዋት ሸሚዟን ስትተኩስ ልትናገር ወስናለች። ደረጃውን ወርዳ ስትጨርስ ውሳኔዋ አብሯት አልወረደም።

እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ፀጉር አስተካካይ ምስጢር ይዞ ማደር አይሆንለትም። ባሏ «ከእኔ እንዳይወጣ» ብሎ ለልጁ ነገረ፤ ልጁም በዚያው ቃል ለሚስቱ ነገራት። ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እንደምን አደሩ ያለቻቸውን ጠዋቶች እያሰበች ነበር። አንጀቷን በላት። ማልዳ ሄዳ ከአማቷ ጋር እንዳትነጋገር ደግሞ ከተኳረፉ ሰንብተዋል፤ ከየት ጀምራ ምን ብላ ትንገራት? የማደርገውን ኮሚቴው ፊት አደርጋለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የማኅበሩ ቢሮ ከጎማ ጥገና በላይ ነው። ከታች መዶሻ ይቀጠቅጣል፣ ከላይ የኮርኒሱ ማራገቢያ ይንጫጫል። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው። በግድግዳው ዙሪያ የፕላስቲክ ወንበር የደረሳቸው ፈረሰኞች ተቀምጠዋል፤ ያልደረሳቸው ቆመዋል። ሐኪሟ ፊት ለፊት፣ ግራ ጆሮዋን ወደ ምራቷ አድርጋ ተቀምጣለች።

ሰብሳቢው አቤቱታውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ይህን ሰማች። ቀጥለው ልጅቷን «ምን ትያለሽ?» አሏት። ልጅቷ ተነሥታ ጀርባዋን ለአማቷ ሰጥታ፣ በዚያች ከንፈሯን በማታላቅቅ አነጋገሯ ተናገረች።

«አቤቱታዬን አንስቻለሁ። ተሳስቼ ነው። የባዝራዬ ሆድ ዝም ብሎ ነበር፤ የሰማነው የሌላ ፈረስ ይሆናል። ሐኪሟ ቂም የላቸውም።»

ክፍሉ አንድ ጊዜ ተንፈስ አለ። ሰብሳቢው ደስ ብሏቸው ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉ፤ ድምፃቸው አሁን የጨዋታ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሐኪሟ ዞሮ ፈገግ አለ።

እሷ ያየችው ልጅቷ ተናግራ መቀመጧን ነው። ያየችው ክፍል ሙሉ ሰው ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ ሲል ነው። ሊሰሙኝ ይጠብቃሉ፣ እየሳቁብኝም ነው አለች በልቧ። ተነሣች።

«ባዝራዋ ደህና ነበረች» አለች። «ሆዷ ጮኋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

«ዶክተር፣ ጉዳዩ እኮ…» አሉ ሰብሳቢው እጃቸውን ዘርግተው።

«ያስጨርሱኝ» አለች፣ ሊያሳጥሩባት የፈለጉ መስሏት። «ጆሮዬ አይሰማም። ከቆየ ብዙ ዓመቱ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ማዳመጫው ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ገዛሁ። ከዚያ ፈረሱ ታሟል አልኩ። ዝም ያለው የእኔ ጆሮ ነው እንጂ የእናንተ ፈረስ አይደለም። የዘመድ ፈረስ መመርመሬም ጥፋት ነው፤ ከሁሉ የተሻልኩ መስሎኝ ነው ያደረግሁት። ልጅቷን ግን በቂም አላስቆምኳትም።»

ከግድግዳው አንድ ሰው «የእኔስ ጥቁር ፈረስ?» አለ፤ ያቺ ሴትዮ ሜዳው ላይ ተንበርክካ የለመነችለት ፈረስ ነው፣ የጠየቀው የሴትዮዋ ባል ነው። እሷ ስላልሰማችው ሰብሳቢው ደገሙላት።

«አላውቅም» አለች። «ያስቆምኳቸው መሀል በትክክል መቆም የነበረባቸው አሉ። ያለጥፋታቸው የቆሙም አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ልነግራችሁ አልችልም። የማውቀው ይህንን ብቻ ነው።» ሰውየው ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። ማንም አላስቆመውም።

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን መልሰው ዘረጉ። «ያስረዘምነው ዕረፍትስ ምን ይሁን?» አሉ፣ አሁን በደንብ ጮክ ብለው።

«ዕረፍቱ ፈረስ አልጎዳም። ግን በእኔ ጆሮ ያወጣችሁትን ሕግ በእኔ ጆሮ አታቆዩት። ሌሎች ሐኪሞች አንድ ወቅት አዳምጠው ይወስኑ። እነሱንም አስመርምሯቸው፤ ጆሮም፣ ዓይንም፣ በየዓመቱ። የሐኪም ቃል የመጨረሻ ይሁን ስል ሐኪሙም ይታይ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።»

ኮሚቴው ከምርመራ ሜዳ እንድትነሣ ወሰነ፤ ሌላ የሚወሰን ነገር አልነበረም። ሰብሳቢው ይህን ሲያነቡ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አላነሱም። ፈረሰኞቹ በየተራ ወጡ። አንዳንዶቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ እያዩ አለፉ። ክፍሉ ውስጥ አማትና ምራት ቀሩ።

ልጅቷ ወንበሯን አንስታ በቀኝ በኩል አመጣችው። አጠገቧ ተቀምጣ፣ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ፣ ከአውቶቡሱ ወንበር ላይ እንኳ በማታወጣው ከፍ ያለ ድምፅ «እማማ፣ እኔ እኮ ከእርስዎ በፊት አቤቱታዬን ትቼው ነበር። ጉዳዩ ተዘግቶ ነበር። አልሰሙኝም?» አለቻት።

ሐኪሟ ሰማቻት። ሰብሳቢው እጃቸውን የዘረጉት፣ ሰው ሁሉ ፈገግ ያለው ለምን እንደነበር አንድ በአንድ ገባት።

«አልሰማሁሽም።»

«ቢሰሙኝስ ኖሮ?»

ሐኪሟ ምራቷ ጭን ላይ እጇን አሳረፈች። የሚያምር መልስ ልትሰጣት ትችል ነበር፤ ልጅቷም የምትጠብቀው እሱን ነው።

«እንጃ ልጄ» አለች። «ቁጭ ብዬ እቀር ነበር መሰለኝ።»